ማሲላ የበላው በግ

በካሉሉኒ ገበያ ዙሪያ ሕግ የሚያውቅ ሰው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ማሲላ ነው። ይህን የሚለው ራሱ ማሲላ ነው። ሌላ ምስክር ባይኖረውም የሚከራከረው ሰው አልተገኘም። ከማሲላ ጋር ክርክር የገጠመ ሰው ፍየሎቹ ውሃ ሳይጠጡ ስለሚመሽበት፣ መንደሩ "አዎ፣ አንተ ታውቃለህ" ብሎ መገላገሉን መርጧል። ስም ሲያወጡለትም "ዋኪሊ" አሉት፤ በአገሩ ጠበቃ ማለት ነው። እነሱ ለፌዝ ያወጡትን ስም እሱ እንደ ሹመት ተቀበለው።

ሕጉን ያገኘው ማቻኮስ ከተማ ነው። በወጣትነቱ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ቴምብርና እስክሪብቶ ይሸጥ ነበር፤ ፀሐዩ ሲበረታበት ደግሞ ችሎት ገብቶ የኋላው አግዳሚ ላይ ያንቀላፋል። ከእንቅልፉ በባነነ ቁጥር የሰማትን ቁራጭ ይዞ ይወጣል። እንዲህ ሲያጠራቅም ኖሮ፣ አንድ የችሎት ጸሐፊ የጣለውን የሱፍ ኮት ለብሶ፣ መቆለፊያው የማይሠራ የእጅ ቦርሳ አንጠልጥሎ ወደ መንደሩ ተመለሰ። ዝናብ ለወራት በሚጠፋበት፣ ፍየል እንኳ ከጥላ ወደ ጥላ በምትሸሽበት በዚያ አገር ማሲላ ኮቱን አያወልቅም። ቦርሳው ውስጥ ያለውን የምታውቀው ሚስቱ ንዱኩ ብቻ ነበረች፤ ግማሽ ዳቦና ማበጠሪያ ነው።

"መብት" የምትለውን ቃል ሲናገር አፉ ይሞላል። "ግዴታ" የምትለውን ግን ማንም ከአፉ ሰምቷት አያውቅም፤ ችሎቱ ውስጥ እሷ ስትነገር ተኝቶ ነበር መሰለኝ።

ችሎታውን ለማየት የሁለቱን ወንድማማቾች ነገር ማንሳት ይበቃል። በአንድ የማንጎ ዛፍ ተጣሉ፤ ግንዱ የታላቁ ማሳ ውስጥ ነው፣ ፍሬው የሚወድቀው የታናሹ ማሳ ላይ። ማሲላ ለታላቁ "ሥሩን የያዘ ሁሉንም ይዟል" አለው። ለታናሹ "መሬትህ ላይ የወደቀ ያንተ ነው" አለው። ከሁለቱም አንዳንድ ዶሮ ተቀበለ። ወር ሳይሞላ ዛፉ በመጥረቢያ ወደቀ፣ ማገዶውንም ማሲላ ለድካሙ ወሰደው። ወንድማማቾቹ ዛሬም አይነጋገሩም፤ እሱ ግን ይህንን ጉዳይ "ሁለቱንም ወገን ያረካሁበት" እያለ ነው የሚተርከው።

ወደ ንዱኩ እንምጣ። በዚያ አገር ሴት ልጅ ሚስት የምትባለው ንቴዎ ሲታረድላት ነው። ሁለት ፍየልና አንድ በግ ወደ አባቷ ግቢ ይነዳሉ፤ የቤቱ ሽማግሌዎች ልጅቱን ጠርተው "እነዚህን ሰዎች ታውቂያቸዋለሽ? እንረድ?" ይሏታል። "እረዱ" ካለች ይታረዳል፣ ይበላል፣ ጋብቻው ጸና። የቀረው ጥሎሽ ዕድሜ ልክ ቢጎተት ማንም ግድ የለውም፤ ንቴዎ ግን አይዘለልም። ማሲላ ንዱኩን ሲያመጣት "ንቴዎው ከመከር በኋላ" አለ። መከሩ ሲደርስ "ዝናቡ አልበጀም" አለ። ዝናቡ ሲበጅ "ፍየል ተወደደ" አለ። አባቷ በር በሩን ሲያዩ ሞቱ፤ ወንድሟ ንዜኪ ግቢውን ተረከበ፣ እሱም በተራው በር በሩን ማየት ጀመረ።

ንዱኩ ግን ሥራ አላቆመችም። የኮረብታውን እርከን በዶማ የቆፈረች እሷ ናት። ማንጎዎቹን የተከለች፣ በደረቁ ወራት ከወንዙ አሸዋ ሥር ውሃ እየጨለፈች ያጠጣች እሷ ናት። የቤቱ ቆርቆሮ የተገዛው እሷ በሠራችው የቃጫ ዘንቢልና በሸጠችው የእርግብ አተር ነው። ሦስት ሴት ልጆች ወልዳ አሳደገች። ማሲላ በዚህ ሁሉ ጊዜ ገበያው ዳር ሻይ ቤት ተቀምጦ ስለ ንብረት ሕግ ያስተምር ነበር፤ ምን ይደረግ፣ አንዱ ይቆፍራል፣ ሌላው ያብራራል።

አንድ ዓመት ላይ ማሲላ ሞተር ብስክሌት አማረው። የላይኛውን እርሻ ለመሸጥ ከገዥው ጋር ሽያጩን ወደሚያጸድቀው የመሬት ቦርድ ቀረበ። ሰብሳቢው የመንግሥት ሰው ነው፤ ቀና ሳይል ጠየቀው።

"ሚስትህ የታለች? ቃሏን ሳንሰማ አይሸጥም።"

ማሲላ ኮቱን ሰብሰብ አደረገ።

"ክቡር ሰብሳቢ፣ ሚስት የለኝም። በወጋችን ንቴዎ ካልታረደ ጋብቻ የለም። እኔ ደግሞ ለማንም ንቴዎ አላረድኩም።"

"ቤትህ ያለችውስ?"

"አብራኝ የምትኖር ናት።"

ሰብሳቢው ጽፎ አለፈ። ከቦርዱ አባላት አንዱ ግን የጎሳው ሊቀ መንበር ሽማግሌው ሙዜ ኪሉንዳ ነበሩና ማሲላን በመነጽራቸው በላይ አሻቅበው ለረጅም ጊዜ አዩት። እርሻው ተሸጠ። ሞተሩ ተገዛ፣ ሁለት ጊዜ ወደቀ፣ ከዚያም ጓሮ ቆሞ የዶሮ ማደሪያ ሆነ። ማሲላ ይህችን ብልሃቱን ሻይ ቤት ውስጥ ላገኘው ሁሉ ነገረ፤ "ሕግ ማወቅ እንዲህ ነው! አንዲት ዓረፍተ ነገር መሬት አሸጠችኝ" እያለ ጉልበቱን እየመታ ሳቀ።

ንዱኩ ገበያ ላይ ሰማች። ማታ ሙቶኮዩን፣ የተፈተገውን በቆሎ ከቦሎቄ ጋር የተቀቀለውን፣ ፊቱ አስቀመጠችለትና "ሰማሁ" አለችው።

"ምን ሰማሽ?"

"የተናገርከውን።"

"የሕግ ጉዳይ ነው፤ አይገባሽም።"

"እሺ" አለችና ሰሃኑን አንስታ ወጣች። ማሲላ ነገሩ በዚሁ ያለቀ መሰለው። ከእሺ በላይ የሚያስፈራ ቃል እንደሌለ ችሎት ውስጥ አልተነገረውም።

አሁን ዋቪንያ ትግባ። ዋቪንያ የማሲላ የአጎቱ ልጅ ሚስት ነበረች፤ ባሏ ሞቶ፣ ልጅም ሳይሰጣት፣ ወንዙ ዳር ባለው ለም መሬት ላይ ብቻዋን ቀረች። ማሲላ ያንን መሬት እንደወደደው ማንንም ወዶ አያውቅም። ከሷ በኋላ የሚቀርበው ወራሽ እሱ ነውና በትዕግሥት ሞቷን ይጠባበቃል፤ ስታስል በሰማ ቁጥር "እግዜር ይማርሽ" ሊላት ሮጦ ይሄዳል፣ ሲመለስ ደግሞ በእርምጃው ስፋቱን እየለካ ነው።

ዋቪንያ ግን ልትሞት አላሰበችም፤ ልታገባ አሰበች እንጂ። ወንድ አይደለም፤ ሚስት። የአገሩ ሰዎች፣ ካምባዎቹ፣ ኢዌቶ ይሉታል፤ ልጅ ያልወለደች ሴት የቤቷ ስም እንዳይጠፋ በራሷ ፍየል ሚስት ታገባለች፣ የሚወለደውም ልጅ የዚያ ቤት ልጅ ነው፤ አባትህ ማነው ብሎ የሚጠይቅ ባለጌ ብቻ ነው። እንዲህ ያገባች ሴት በሸንጎ ከወንዶቹ እኩል በርጩማ ላይ ትቀመጣለች። ዋቪንያም ካሉንዴ የምትባል ታታሪ ልጅ አጨች።

ንቴዎውን ይዞ ሄዶ የሚናገር አፈኛ ሽማግሌ ያስፈልጋል። ማሲላ ጥርሱን ነክሶም ቢሆን "እኔ አለሁ" አለ፤ ከመሬቱ ሐዘን የሥጋው ደስታ ይቀርበው ነበር። ፍየሎቹ ሊነዱ ሲሉ በጉን አገላብጦ አየና፣

"ይሄ በግ ያነክሳል። መንገዱ ሩቅ ነው። በሕግ 'አደራ' የሚባል ነገር አለ፤ እኔ ጋ ይቆይ፣ ሲሻለው ይደርሳል" አለ።

በጉ አያነክስም ነበር። ሁለቱ ፍየሎች ታረዱ፣ የካሉንዴ አባትም የማሲላን አፍ አምነው "በጉ ይደርሳል" የሚለውን ቃል ተቀበሉ። በጉ ግን የገና ዕለት በማሲላ ድስት ውስጥ ተሻለው።

ካሉንዴ ወንድ ልጅ ወለደች። ዋቪንያ በሟቹ ባሏ አባት ስም ሙሊ አለችውና ወንዙ ዳር እልል ተባለ። ማሲላ ያን ቀን ሻይ ቤት ውስጥ ስኳር ሳይጨምር ጠጣ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ እሱም ያንን መሬት ሊለቅ አልቻለም። ሲያብሰለስል ከርሞ አንድ ቀን ከመቀመጫው ተነሥቶ "በጉ!" አለ። በጉ አልታረደም! ንቴዎው ጎዶሎ ነው! ንቴዎው ጎዶሎ ከሆነ ጋብቻ የለም፣ ጋብቻ ከሌለ ልጁ የቤቱ ልጅ አይደለም፣ ልጁ ከሌለ ወራሹ ማሲላ ነው። በዚያው ቀን ለጎሳው ሸንጎ አቤት አለ።

ለሰው ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው ይባላል። ማሲላ ደግሞ ዶማ ይዞ ባያውቅም ጉድጓድ ሲቆፍር ማን ይችለዋል።

ሸንጎው ቅዳሜ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ከግራሩ ሥር ተቀመጠ። ሽማግሌዎቹ በርጩማቸው ላይ፣ ሴቶቹ ሣሩ ላይ ናቸው። ንዱኩም ከሦስት ልጆቿ ጋር መጥታለች፤ ትልቋን ሙምቧን በመጪው ሳምንት ሊያጯት የሚመጡ ሰዎች አሉና ማሲላ ከወዲሁ "የአማች ኮት" እያለ ኮቱን በእርጥብ ጨርቅ አስጠርጓል። ዋቪንያ ከወንዶቹ መሐል በርጩማዋን ስባ ተቀመጠች።

ማሲላ ተነሣ።

"በመጀመሪያ ደረጃ መቀመጫዋ ላይ ተቃውሞ አለኝ።"

"ተቃውሞህ ይቀመጥ፣ አንተም ተቀመጥ" አሉት ሙዜ ኪሉንዳ። "ወይም ደግሞ ቆመህ ወደ ነገርህ ግባ።"

"እገባለሁ! አባቶቼ፣ ይህች ሴት ኢዌቶ አገባሁ ትላለች። መልካም፣ ወግ ነው። ወጉ ግን ምን ይላል? ሁለት ፍየል፣ አንድ በግ! ፍየሎቹን አየን። በጉስ? በጉ የት ገባ? ማን አየው? ማን በላው?"

"አንተ ነሃ!" አለች ዋቪንያ።

ሣሩ ላይ ያሉት ሴቶች ተንከተከቱ።

"ያነክሳል፣ በአደራ ይቆይ ያልከኝ ማን ነበር? የገና ዕለት ሽታው እስከ ደጄ መጥቶ 'ደኅና ዋልሽ' ብሎኛል!"

"ማን በላው የሚለው ሌላ መዝገብ ነው!" ማሲላ እጁን አነሣ። "የዛሬው መዝገብ፣ ታረደ ወይስ አልታረደም ነው። አልታረደም!"

ሙዜ ኪሉንዳ ሳቁ እስኪበርድ መነጽራቸውን ጠራረጉ።

"እንዳልሳሳት ማሲላ። ንቴዎ ካልተሟላ ጋብቻ የለም ነው የምትለው?"

"የለም!"

"አብረው ቢከርሙስ?"

"መቶ ዓመት ቢከርሙ!"

"ቤት ቢሠሩ፣ ልጅ ቢወልዱ?"

"ልጁ የእናቱ ወገን ነው። ሕግ ሕግ ነው አባቶቼ፤ እንባ አያጥፈውም፣ ጊዜም አያድሰውም።"

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ለራሱም ጣፈጠችው። ጭብጨባ ይኖር እንደሆነ ዞር ዞር አለ። ጭብጨባ የለም፤ ከሴቶቹ በኩል ግን አንዲት ሴት ቀሚሷ ላይ የተጣበቀውን ሣር እያራገፈች ትነሣለች።

"አባቶቼ፣ ልጠይቅ?" አለች ንዱኩ።

"ጠይቂ ልጄ።"

"ለኔ ስንት ታረደ?"

 

"ማሲላ፣ ተጠይቀሃል" አሉ ሙዜ ኪሉንዳ።

"ይሄ... ይሄ ሌላ መዝገብ ነው።"

"መዝገቡ ያው ነው፤ ሰውየው ብቻ ነው የተለወጠው። ስንት ታረደ?"

"ፍየል በዚያን ጊዜ ተወዶ..."

"ስንት?"

"ምንም።"

ንዱኩ ራሷን ነቀነቀች፤ ያልተናደደች፣ የቆየ ነገር የገባት ሰው ትመስላለች።

"እንግዲህ በዚህ ሰው ሕግ እኔ የማንም ሚስት አይደለሁም። እኔ የንዜኪ እኅት ነኝ፣ ልጆቼም የእናታቸው ወገን ናቸው። ሙምቧን ሊያጩ የሚመጡ ሰዎች መንገድ እንዳይሳሳቱ ንገሩልኝ፤ ወደ ወንድሜ ግቢ ይሂዱ።"

"ንዱኩ! አንቺ ሴትዮ፣ ለምሳሌ እኮ ነው የተናገርኩት!" አለ ማሲላ።

"እኔ ደግሞ ምሳሌህን ሃያ አራት ዓመት ኖርኩት።"

ሙዜ ኪሉንዳ በከዘራቸው መሬቱን መታ መታ አደረጉ።

"ማሲላ፣ አንድ ነገር ልጨምርልህ። መሬት ቦርዱ ላይ እኔም ነበርኩ። ሚስት የለኝም ብለህ አጽፈሃል። ምረጥ እንግዲህ። ሚስትህ ናት ካልክ መንግሥትን ዋሽተህ፣ እሷ ያልፈቀደችውን መሬት ሸጠሃል፤ የመንግሥቱ ሕግ ይጠይቅሃል። ሚስቴ አይደለችም ካልክ ደግሞ ሠራተኛ ናት፤ እርከን የቆፈረችበትን፣ ቤት የሠራችበትን፣ ያን ሁሉ ዘመን ደመወዟን ክፈላት። የቱ ይሻልሃል?"

ማሲላ ቦርሳውን ከፈተ። ግማሽ ዳቦውንና ማበጠሪያውን አይቶ መልሶ ከደነው።

ሸንጎው ብዙ አልቆየም። "የማሲላን ቃል ተቀብለናል፤ ንቴዎ ካልተሟላ ጋብቻ የለም" አሉ ሊቀ መንበሩ። "ንቴዎ ግን ቀን አያልፍበትም፤ ባሟሉት ቀን ይጸናል። በጉን የበላ በጉን ያምጣ። የካሉንዴ አባት ግቢ ሲታረድ ነገሩ አለቀ፤ ሙሊ የዋቪንያ ቤት ልጅ ነው፣ መሬቱም የቤቱ ነው። ያንተን ጉዳይ ግን እኛ አናውቅም ማሲላ። ያንን የሚሰማህ ንዜኪ ነው።"

ንዱኩ በዚያው ከሰዓት ሄደች። ዶማዋን፣ የጀመረችውን ዘንቢልና ሦስት ልጆቿን ነው የወሰደችው። ማሲላ በር ላይ ቆሞ "ንብረት ስትወስጂ በዝርዝር መሆን አለበት!" ብሎ ጮኸ።

በማግስቱ ኡጋሊ፣ የበቆሎ ገንፎ፣ ሊሠራ ሞክሮ ግማሹን አሳረረ፣ ግማሹን ጥሬውን በላ። ከዶሮዎቹ ጋር መከራከር ጀመረ፤ እነሱ እንኳ ጥሬ ካልተበተነላቸው አይሰሙትም። በሳምንቱ የሙምቧ አጮች ፍየሎቻቸውን እየነዱ በደጁ አለፉ። ኮቱን ለብሶ፣ ወንበር አውጥቶ ተቀምጦ ነበር። "ደኅና ዋልክ አባባ" ብለውት ወደ ንዜኪ ግቢ ቀጠሉ፤ የእናቲቱን ንቴዎ ያልሰጠ አባት የልጅቱን አይበላምና። የመጨረሻዋ ፍየል ብቻ ዞር ብላ አየችው።

ከዚያ ዝናቡ መጣ። ሁለተኛው እርከን ተቀደደና አፈሩ ወደ ወንዙ መውረድ ጀመረ። ማሲላ ሊደፍነው ወጣ፤ ከየት እንደሚጀመር አያውቅም። ንዱኩ ከላይ ነበር ወይስ ከታች የምትጀምረው? ማንጎዎቹ መሐል ቆመ። እሷ እያንዳንዱን ዛፍ በጠባዩ ታውቀው ነበር፤ ይኼኛው ቅብጥብጥ ነው፣ ያኛው ውሃ ይወዳል እያለች። ለሱ ሁሉም ዛፍ ነው። በዚያ ኮረብታ ላይ በሙሉ ልቡ "ይሄ የኔ ነው" የሚለው አንድም ነገር አጣ። ደረቱ ውስጥ የሚያመው ነገር ደግሞ ረሃብ አልነበረም። ንዱኩ ናፍቃው ነበር። ለዚህ የሚሆን አንቀጽ ስለማያውቅ ጭቃው ላይ ቁጭ አለ፤ እኔ ስለ ማሲላ ማዘን ባልፈልግም ያን ጊዜ ላየው ሰው ያሳዝን ነበር።

ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ። ማሲላ ያን የቆየ የንዱኩን ንቴዎ ሊሰጥ ቆረጠ፤ ለንቴዎ የሚሄድ ሰው ግን የሚናገርለት ያስፈልገዋል። ማሲላ ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ ለመነ። አንዱ ጉልበቴን አመመኝ አለው። ሌላው "እኔ ሕግ አላውቅም፣ አንተ አለህ አይደል?" ብሎ በሩን ዘጋ። የማንጎው ወንድማማቾች በየተራ ሣቁበት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ነገር ተስማሙ። በመጨረሻ ወንዙ ዳር ወረደ።

ዋቪንያ ደጇ ላይ ሙሊን እያጠበች ነበር።

"እኅቴ ዋቪንያ..."

"እኅቴ? በሸንጎው ዕለት 'ይህች ሴት' ነበርኩ እኮ።"

"ተይው እሱን። ችግር ላይ ነኝ።"

"አየዋለሁ፣ ኮትህ ጭቃ በልቷል። ምን ፈለግህ? አፌን ነው ፍየሎቼን?"

ማሲላ አቀረቀረ። "ሁለቱንም።"

ዋቪንያ ሳሙናው ከእጇ እስኪያመልጣት ሳቀች። ሙሊም ምክንያቱን ሳያውቅ አብሯት ሳቀ።

"መሬቴን ልትነጥቀኝ የመጣህ ሰው! አሁን ደግሞ እኔ ሚስት ላጋባህ?"

"ከወንዶቹ መሐል የሚሄድልኝ የለም። አንቺ ደግሞ በወጉ..."

"በወጉ ምን? ጨርሰው።"

"በወጉ ባለ ቤት ነሽ። በርጩማ ላይ ትቀመጫለሽ።"

"እሰይ! ይህን ከአፍህ ለመስማት አንድ በግ አይበዛም።" ሕፃኑን በፎጣ ጠቀለለችው። "ስማ ዋኪሊ። መጀመሪያ የካሉንዴን አባት በግ ታደርሳለህ። ሁለቱን ፍየልና አንዱን በግ እኔ እሰጥሃለሁ፤ ለነሱ ደግሞ እርከኖቼን በዶማ ትጠግናለህ። አንተ ራስህ፤ ሰው ልከህ አይደለም።"

"እኔ ዶማ..."

"ትማራለህ። ሕግም ተኝተህ ነው የተማርከው ይባላል፣ ዶማ እንኳ ቆመህ ነው።"

ሞተር ብስክሌቱ ከነዶሮ ኩሱ ተሸጦ አንድ በግ ወጣው፤ ከላይኛው እርሻ የተረፈው ያ ብቻ ነው። በጉ የካሉንዴ አባት ግቢ ታረደ፣ የሙሊም ነገር ተዘጋ። ከዚያ ማሲላ ኮቱን እንደለበሰ የዋቪንያን እርከን ሲቆፍር መንደሩ በሙሉ መንገዱን በወንዙ በኩል አደረገ። መዳፉ ውሃ ቋጠረ፣ ፈነዳ፣ ደደረ። እርከን ከላይ እንደሚጀመር አወቀ።

በመከር ወር አንድ ጠዋት ዋቪንያ ከፊት፣ ማሲላ ሁለቱን ፍየሎችና በጉን እየነዳ ከኋላ፣ የንዜኪ ግቢ ደረሱ። ንዜኪ ሲጠብቅ የኖረ ሰው ስለሆነ አልቸኮለም። ፀሐይ ላይ አስቆማቸው፣ ሻይውን ጨረሰ፣ ሽማግሌዎቹን ጠራ።

"እናንተ ማን ናችሁ? ምን ፈልጋችሁ መጣችሁ?" አለ፤ ወጉ እንዲህ ነው።

"ከማሲላ ቤት ነን" አለች ዋቪንያ በርጩማዋ ላይ ተደላድላ። "እዚህ ግቢ ውስጥ አንዲት አበባ አይተን ነበር፤ ልንጠይቅ መጣን።"

"አበባዋን ያያችኋት መቼ ነው?"

"ቆየት ብሏል።"

ሽማግሌዎቹ ሻያቸው በአፍንጫቸው ወጣ። ማሲላ ላቡን በኮቱ እጅጌ ጠረገ።

ንዱኩ ተጠራች። ከጓሮ መጣች፣ የእርግብ አተር የምትፈለፍልበትን ሰፌድ እንደያዘች። የደረቀው ፊቷ ሞላ ብሏል። ሙምቧ ከኋላዋ በር ተደግፋ ቆመች። አንድ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠረገና ለልጃገረድ እንደሚጠየቀው ጠየቃት።

"ልጄ፣ እነዚህን ሰዎች ታውቂያቸዋለሽ?"

ንዱኩ ዋቪንያን አየች፣ ፈገግ አለችላት። ከዚያ ማሲላን አየች፤ ኮቱን፣ ፊቱን፣ በመጨረሻም የደደሩትን እጆቹን ቆየት ብላ አየች።

"አውቃቸዋለሁ።"

"እንረድ?"

 በጉ ባአ አለ።

"ሃያ አራት ዓመት ይሄን ጥያቄ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም" አለች ንዱኩ። "ዛሬ ገና ተጠየቅሁ። እንግዲህ አታቻኩሉኝ። ፍየሎቹን ወደ ጥላ አስገቡልኝ፣ ውሃም ስጧቸው። ላስብበት።"

"እስከ መቼ?" አለ ማሲላ።

"ከመከር በኋላ" አለች፤ ሰፌዷን ይዛ ወደ ጓሮ ተመለሰች።

ማሲላ ለመቃወም እጁን አነሣ፤ ግማሽ ላይ ሲደርስ መልሶ አወረደው። መብቷ ነበር። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ኮቱን አወለቀ፣ አጥፎ ጉልበቱ ላይ አደረገና ከፍየሎቹ አጠገብ ጥላው ሥር ተቀመጠ።